አንድ ዙር ሙሉ

«ሦስት ነን። እኔ፣ ዲሪርሳና ሕፃኑ። ሌላ ማን ይኖራል ብለው ነው ኦቦ ገርባ?»

ትንሳኤ በሩን ገርበብ አድርጋ ይህን ለአከራይዋ ስትናገር አራተኛዋ ከበሩ ጀርባ ቆማ ነበር። የጥርስ ብሩሹ አፏ ውስጥ ነው፣ አረፋው አገጯ ላይ ደርሷል። እንዳትተፋ ድምፅ ይሰማል፤ መዋጥማ ማን ይችላል። ጂቱ ዓይኗን አፍጥጣ ግድግዳው ላይ የቀረውን የአምናውን ካላንደር እያየች ቆመች። የገረማት ውሸቱ አይደለም፤ ውሸቱን ከመስከረም ጀምሮ ታውቀዋለች። የገረማት የሕፃኑ መቆጠር ነው። ገና ቁጭ ማለት የማይችል፣ ትራስ ካልደገፉት እንደ ድንች ጆንያ የሚንጋለል ልጅ ሙሉ ሰው ተባለና እሷ፣ የደረሰች ልጅ፣ የኮሌጅ ተማሪ፣ አረፋ ጎርሳ ከበር ጀርባ ቀረች። የሕፃኑ አባት፣ ማለትም የገዛ ወንድሟ ዲሪርሳ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ካልሲ እያጠለቀ ነበር። ሰምቷል። አንዱን አጥልቆ ሌላውን ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰው ገለባበጠው። ቀና ብሎ ግን አላያትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦቦ ገርባ ዓለም ገና ላይ የኖሩት ዙሪያው ሁሉ ጤፍ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ማሳው መንደር ሲሆን በቀረቻቸው ግቢ ክፍሎች በመደዳ ሠርተው ያከራያሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ላማቸው ስትወልድ እንገሩን ለተከራዩ ሁሉ በየጣሳው ያዳርሳሉ። የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፣ የሽንት ቤቱን መሙላት። በዚያ ጠባብ ቅያስ የሚመጠው መኪና አይገባም፤ ከሞላ ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ነው፣ ለሌላ ጉድጓድ ደግሞ ቦታ የለም። ስለዚህ ሰው ይቆጥራሉ። በበር ላይ ጫማ ይቆጥራሉ፣ በተሰጣ ልብስ ይቆጥራሉ፣ ውሃ በመጣ ቀን በተደረደረው ጀሪካን ይቆጥራሉ። ዲሪርሳና ሚስቱ ትንሳኤ ሲከራዩ ሆድ ውስጥ ያለው ሳይቀር ተቆጥሮ ሦስት ሰው ተብሎ ተስማሙ። ጂቱ ከተጂ፣ ከእናቷ ዘንድ፣ ኮሌጅ ልትማር የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እናም ምንም ሳትሰርቅ እንደ ሌባ መኖር ጀመረች። ጫማዋ ከቤት ውስጥ አይወጣም። ልብሷ የሚደርቀው ከቁምሳጥኑ ጀርባ ነው፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ የጓዳ ሽታ የሚሸታት። ጠዋት ኦቦ ገርባ ላሚቱን ሊያልቡ ሲገቡ ትወጣለች፣ ማታ ዓይን ሲይዝ ትገባለች። ምናልባት ቢይዟት የምትለውም ተዘጋጅቶላታል፦ «እንግዳ ነኝ፤ ዛሬ ነው ከተጂ የመጣሁት።» ትንሳኤ ራሷ እንደ መዝሙር አስጠንታታለች።

ሽማግሌው ወደ ጋጣቸው ሲሄዱ ጂቱ አረፋውን ጣሳ ውስጥ ተፋች። ትንሳኤ ዞር ብላ፣ «ምን ላድርግ?» በሚል ዓይን አየቻትና ዳቦ ቆርሳ በፌስታል ጠቀለለችላት።  እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ዳቦ ማለት ብዙ ንግግር ነው።

ጂቱን ግን ያን ቀን ከቤት ያስሮጣት ሌላ ነገር ነበር። ኮሌጁ ውስጥ የማሽን ሥዕል በኮምፒውተር ይማራሉ፤ እሷ ለሳምንታት የታገለችው ደግሞ ከሰንሰለትና ከስፕሮኬት ጋር ነው። ስፕሮኬት የሚባለው ሰንሰለቱ የሚጠመጠምበት ጥርሳም ክብ ብረት ነው፤ ሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ ላይ ያያችሁት። እሱ ቀላል ነው። አንድ ጥርስ በደንብ ትሥያለሽ፣ ዙሪያውን ድገመው ብለሽ ታዣለሽ፣ ኮምፒውተሩ እንደ ታዛዥ ልጅ ይደግመዋል። መከራው ሰንሰለቱ ነው። ፒኑ ለብቻ፣ ፒኑ ላይ የሚሽከረከረው ሮለር ለብቻ፣ የውጭው ሳህን፣ የውስጡ ሳህን፣ እነዚህን አንድ ላይ አስረሽ አንድ አንጓ ይሆናል፤ ከዚያ አንጓው በትልቁና በትንሹ ስፕሮኬት ዙሪያ እየተደገመ ሄዶ መጨረሻው መጀመሪያውን መያዝ አለበት። አልያዘም። የመጨረሻው አንጓ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ላይ ተደርቦ እንደ ተሰበረ ጥፍር ያገጥጣል። ብታስጠጋው ያፈነግጣል፣ ብታርቀው ይበጠሳል። የኮምፒውተሩ ቀይ ማስጠንቀቂያ ሕልሟ ውስጥ ሳይቀር ይመጣባት ነበር።

ልኩን ያገኘችው ከመንገድ ዳር ነው። ሞተር ሳይክል የሚጠግነው ጆኒ ከጎማ ክምሩ ሥር የተጣለ አንድ ሰንሰለት ሰጥቷት፣ ከኮሌጁ ካሊፐር የሚባለውን መለኪያ ተውሳ፣ ከፒን እስከ ፒን ያለውን ርቀት እየለካች ጻፈች። መጽሐፉ ላይ ያለው ልክ ከእሷ ጋር አይስማማም፤ በፀጉር ያህል ያንሳል። ጂቱም፣ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ካሊፐር ማንበብ አይችልም ብላ ደመደመች። እንዲህ ያለ ድፍረት አላት። ያን ጠዋት ግን፣ ምናልባት ከበር ጀርባ መቆሙ አንጀቷን ስላሳረራት፣ ምናልባትም የምትሞክረው ስላለቀባት፣ የመጽሐፉን ልክ አስገባችና ቁልፉን ተጫነችው። ሰንሰለቱ ዞረ፣ ዞረ፣ መጨረሻው መጀመሪያውን ጸጥ ብሎ ያዘው። ምንም ማስጠንቀቂያ አልመጣም። ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ሌሎቹ ተማሪዎች ጆሮ ማዳመጫ ሰክተው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ የሷ አፍ ብቻ ተከፍቶ ቀረ።

ሚስጥሩ የገባት ከዚያ በኋላ ነው። ጆኒ የሰጣት ሰንሰለት ያረጀ ነው። ስንት ዓመት ሲጎትት የኖረ ሰንሰለት እያንዳንዱ አንጓው በፀጉር ያህል ይለጠጣል፤ ፀጉር ለፀጉር ሲደመር ደግሞ መጨረሻው መጀመሪያውን አልፎ ይሄዳል። ይሄ ስህተት ሌላ አገር ማንም አይሠራውም፤ የሌላ አገር ተማሪ አዲስ ሰንሰለት ገዝቶ ይለካል። ጂቱ በዕድሜዋ አዲስ ሰንሰለት አይታ አታውቅም። ተጂም ዓለም ገናም ያየችው ሁሉ ከሌላ ማሽን ወልቆ የመጣ ነው። አሮጌውን እንደ አዲስ ለክታ፣ ምን በደልኩህ እያለች ኮምፒውተሩን ስትወቅስ መክረሟን ስታስብ ብቻዋን ሳቀች። ሳቋን የሚካፈላት ሰው ፈልጋ ዞር አለች። ሁሉም አንገቱን እንደ ደፋ ነው።

ከዚያ እንዲዞር አደረገችው። ትንሹ ስፕሮኬት ትልቁን በሰንሰለቱ ይጎትታል፣ አንጓዎቹ አንድ በአንድ ጥርስ ላይ ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ። ሁሉም አንጓ አንድ ዓይነት ስለሆነ ዙሩ መቼ እንዳለቀ አይታወቅም፤ ስለዚህ አንዷን ቀይ ቀባቻት። ቀይዋ ከሥር ተነስታ፣ ትልቁን ዞራ፣ ላይ ላዩን ተጉዛ፣ ትንሹን ዞራ ወደ ቦታዋ ስትመለስ አንድ ዙር ሙሉ ይሆናል። ደቂቃ አይሞላም። ጂቱ በቪዲዮ አውጥታ ስልኳ ላይ ጫነችው። ከዚያ በኋላ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ቀይዋ ተነስታ እስክትመለስ አብሯት እንዲያይ። ውጤትም ሽልማትም አላማራትም፤ አንድ ዙር ብቻ።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ መምህሯ ወደ ሕዝቅያስ ነው። መምህር ሕዝቅያስ አዲስ አበባ ሌላ ኮሌጅም ስለሚያስተምር ሁልጊዜ ግማሽ እግሩ ታክሲ ውስጥ ነው። ስልኩን ተቀብሎ አየ። ቀይዋ ትልቁን ስፕሮኬት መዞር ስትጀምር የራሱ ስልክ ጮኸ።

«በጣም ጥሩ ነው» አለ እየመለሰላት። «ፕሪንት አድርጊና አምጪው።»

«ቲቸር፣ የሚዞር ነገር እኮ ነው። እንዴት ፕሪንት ይደረጋል?»

«ፕሪንት አድርጊው፣ ፋይል ውስጥ ይገባል» ብሏት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ጂቱ ወረቀት ላይ የሚዞር ሰንሰለት ለማሰብ ሞከረች፤ ወረቀቱን ራሷ ይዛ ስትሽከረከር ታያት።

ቀጥሎ ሲላስ አለ። ሲላስ የክፍሏ ልጅ ነው፣ ከቡራዩ ነው የሚመላለሰው፣ መልከ መልካም መሆኑን ከሚገባው በላይ ያውቃል። ካፌው በር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሻይ ይዞ አገኘችው። ስልኩን ስትሰጠው ጎንበስ ብሎ አየና ፈገግ አለ።

«ከየት ነው ያወረድሽው?»

«ራሴ ነኝ የሠራሁት!»

«ሙድ አትያዢብን ባክሽ፣ ጂቱ! ይሄ የሕንድ ነው። ሕንዶቹ ቀይ ይወዳሉ» አለና ጓደኞቹ ሳቁ። ሻዩን ወደ አፉ ሲወስድ ዓይኑ ከስክሪኑ ተነሳ፤ ቀይዋ ላይኛው መስመር ላይ ብቻዋን ስትሄድ ቀረች። ጂቱ ስልኳን ነጥቃ፣ «ሕንዶቹ ላንተም ጭንቅላት ቢልኩልህ!» ብላ ሄደች። መልሷ ጥሩ ነበር፤ ልቧ ግን አልዳነም።

ከሰዓት በኋላ ተጂ ላለችው እናቷ ደወለች። የእናቷ ስልክ ምስል የማይቀበል፣ መብራት ያለው አሮጌ ቀፎ ነው። በኦሮምኛ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ሰንሰለት መሥራቷን ልትነግራት ሞከረች።

«ሰንሰለት? የከብት ነው የውሻ?»

«የማሽን ነው ሃርሜ። በኮምፒውተር።»

«እጅሽን እንዳይቆርጥሽ» አለች እናቷ። ከዚያ የሽሮው እህል ደርሷቸው እንደሆነ ጠየቀች፣ የሕፃኑን ጥርስ ጠየቀች፣ የትንሳኤን ጤና ጠየቀች። «ቤቱ የሷ ነው፤ እንዳታስቸግሪያት። ገብተሽ እንደወጣሽ እንዳይታወቅብሽ ሁኚ።» ጂቱ እሺ አለች። በዚህስ በኩል እናቷን አላሳፈረችም፤ ገብታ እንደወጣች የሚያውቅ አልነበረም። ካርዱ አልቆ መስመሩ ሲቋረጥ ስልኩን ለጥቂት ጊዜ ከጆሮዋ ሳታነሳ በመንገዱ ዳር ሄደች፤ ከሩቅ የሚያያት ሰው የሚያዋራት ያላት እንዲመስለው።

ቀኑን ለመግፋት በእግሯ ነው የተመለሰችው። ባጃጆቹ ታሪፍ ጨምረዋል፣ እሷ ደግሞ ለመግባት ገና አልመሸላትም። ከሰበታ የሚመጡት የጭነት መኪኖች አቧራ እያለበሷት አለፉ። ሽንኩርት መደብ ላይ ያለችው ሴትዮ ከደንበኛዋ ጋር ትጨቃጨቃለች፤ «እኔ ነኝ እንዴ ያስወደድኩት? ሂጂ ማሳውን ጠይቂው!» ትላለች። ጂቱ ቆማ ሰማች። ሁለቱ ሰዎች እየተሰዳደቡም ቢሆን ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው። ቀናችባቸው።

ዓይን ሲይዝ በግቢው በር ሾልካ ገባች። ትንሳኤ ሕፃኑን ሳፋ ውስጥ እያጠበች ነበር። ክፍሉ አንድ ነው፤ መሃሉን መጋረጃ ይከፍለዋል፣ ከመጋረጃው ወዲህ አልጋው፣ ከወዲያ ምድጃውና ቁምሳጥኑ፤ የጂቱ ፍራሽ ቀን ቀን ተጠቅልሎ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ይቆማል። ሲሚንቶው ወለል በውሃ ረጥቧል። ጂቱ ስልኩን የትንሳኤ ፊት ላይ ያዘችላት።

«ቆይ፣ እጄ ሳሙና ነው።»

«በእጅሽ አይደለም እኮ የምታዪው።»

ትንሳኤ ሳቀች፤ ለአፍታ የጂቱን የልጅነት ጓደኛ መሰለች። ቀና አለች። ወዲያው ሕፃኑ ውሃውን በእግሩ መታው፣ ዓይኗ ወደ እሱ ወረደ። «ደስ ይላል» አለች ጆሮውን እያጠበች። «በጣም ደስ ይላል።» ሳያዩ ደስ ይላል ማለት ካለማየትም ይብሳል። ጂቱ ፎጣውን አቀበለቻት።

ዲሪርሳ ከሰበታ፣ ከሚሠራበት መጋዘን ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ አቧራ ነበር። እስኪታጠብ ጠበቀችው፣ እስኪጎርስ ጠበቀችው። ከዚያ ስልኩን ከሳህኑ ጎን ዘርግታ «አንድ ዙር ብቻ እየኝ» አለችው። አየ። በእውነት አየ፤ ቀይዋ ትልቁን ዞረች፣ ላይ ወጣች፣ ግማሽ መንገድ ደረሰች። የጂቱ ልብ ከቀይዋ ጋር ይሄድ ነበር።

«ይሄ ሥራ ያስቀጥራል?» አለ ዲሪርሳ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ አንስቶ።

የጠየቀው በደግነት ነው። ጂቱ ግን ከጥያቄው ኋላ ያለውን ሰማችው፤ ከተቀጠረች የራሷን ክፍል ትከራያለች፣ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ የሚባለውም ይቀራል። «እንጃ» አለች።  ትንሳኤ ወጡን ጨመረችለት፣ እሱ በላ፣ ጂቱም ከዳር ከዳር በላች። መብራት የጠፋው ያኔ ነው፤ የመንደሩ ልጆች ሁሉ በአንድ ድምፅ «ኡ!» አሉ። ትንሳኤ በጨለማው ውስጥ «የሕፃኑ ጨርቅ ውጭ ቀርቷል፤ ጨለማ ስለሆነ አንቺ አንሺው» አለች።

ጂቱ ጨርቆቹን ከገመዱ ሰብስባ ትከሻዋ ላይ ጣለች። ግቢው ጥቁር ነው፤ ከጋጣው የላሚቱ ማመንዠክ ብቻ ይሰማል። ወደ ቤት መግባት አላሰኛትም። የተገለበጠ ጀሪካን አገኘችና ተቀመጠችበት፣ ስልኳን አውጥታ ራሷ ማየት ጀመረች። ሌላ ሰው ከሌለ ምን ይደረጋል። ቀይዋ ተነሳች።

«ኤኙ ዳ?» አለ ድምፅ። ማነው?

ኦቦ ገርባ ናቸው፣ በጋቢ ተጠቅልለው ከጋጣው በር ላይ ቆመዋል። መሮጥ ትችል ነበር። ጨለማ ነው፣ በሩ ቅርብ ነው። ግን ከጀሪካኑ አልተነሳችም። ሽማግሌው በዱላቸው እየዳሰሱ ተጠጉና የስክሪኑን ብርሃን አዩ።

«ማሊ ኩኒ? ይሄ የሚዞረው ምንድነው?»

«ሰንሰለት ነው ኦቦ» አለች። «እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«እስቲ።»

ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቁልቁል ጎንበስ አሉ። ትንፋሻቸው ወተት ወተት ይሸታል። ጂቱ ከመጀመሪያው አስነሳችላቸው። «ቀይዋን ይከተሉ» አለቻቸው። ሽማግሌው ጣታቸውን አውጥተው፣ ስክሪኑን ሳይነኩ፣ ቀይዋን ተከተሉ። ትልቁን ዞሩ። ላይ ላዩን ሄዱ። ከመንገድ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፣ ዞር አላሉም። ዝንብ ይሁን ትንኝ ጢማቸው ላይ አረፈ፣ አላባረሩትም። ትንሹን ዞሩ፣ ወረዱ።

«መጣች!» አሉ። «ይኸው፣ ከቤቷ ገባች።»

ጂቱ ጨርቁን ከትከሻዋ ወደ ጉልበቷ አወረደችው።

«ምን ይጎትታል?»

«ምንም ኦቦ። ለጊዜው ብቻውን ነው የሚዞረው።»

«ምስኪን» አሉ ሽማግሌው ከልባቸው። ከዚያም ቀና ብለው ፊቷን በስክሪኑ ብርሃን አዩት። «እዚህ ኮሌጅ ነው የምትማሪው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? ጎበዝ ልጅ ነሽ። ከየት ነው የምትመላለሺው?»

መልሱ አፏ ላይ ነበር። እንግዳ ነኝ፤ ዛሬ ነው ከተጂ የመጣሁት። ስንት ጊዜ አጥንታዋለች። ግን ሰውየው ፊቷን እያዩ ነው፤ ከመስከረም ወዲህ በዚያ ግቢ ውስጥ ማንም በዚያ ዓይነት ቀጥ ብሎ አላያትም። ዛሬ የመጣች እንግዳ ልትሆንባቸው አልቻለችም።

«ከዚህ» አለች የእነ ዲሪርሳን በር እያሳየች። «እህቱ ነኝ። እዚሁ ነው የምኖረው።»

ኦቦ ገርባ ዱላቸውን ከግድግዳው አነሱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጂቱ የላሚቱን ማመንዠክ ሰማች።

«ሽንት ቤቱ ቶሎ ቶሎ የሚሞላው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ» አሉ በመጨረሻ። ንዴት አልነበረበትም፤ የከበደ ድካም ነበረበት። «ወንድምሽ ጠዋት ያናግረኝ። ናጋ ቡሊ።» ደህና እደሪ ብለዋት በጨለማው ውስጥ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የእነ ዲሪርሳ ክፍል ግድግዳ ጭቃ ነው፣ መስኮቱ ደግሞ መስታወቱ ወልቆ በካርቶን ተደፍኗል፤ ውስጥ ያሉት ሁሉንም ሰምተዋል። ስትገባ ሻማ በርቷል። ትንሳኤ ሕፃኑን ጡት እያጠባች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ዲሪርሳ ቆሟል።

«እንግዳ ነኝ ማለት ምን ያቅታል?» አለ፣ ሕፃኑ እንዳይረበሽ በሹክሹክታ፣ ግን የአንገቱ ሥር ተገታትሮ። «አንዲት ቃል እኮ ናት! አንዲት ቃል ብለሽ ዝም!»

«አሁን በዚህ ጊዜ ቤት የት ይገኛል?» አለች ትንሳኤ፣ ማንንም ሳታይ። ድምፅዋ ውስጥ ዕንባ ነበር። «ሕፃን ይዞ ማን ያከራያል?»

ጂቱ ጨርቆቹን አጣጥፋ አልጋው ጫፍ ላይ አኖረቻቸው። የሚሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ጥፋተኛ እንደሆነችም ታውቃለች። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«እስከ መጨረሻው አዩልኝ እኮ» አለች።

ዲሪርሳ ግራ ተጋብቶ አያት።

«ምኑን?»

ስልኩ እጇ ላይ ነው። ባትሪው አላለቀም፣ ለአንድ ዙር ይበቃል። ጂቱ ወንድሟን አየችው፣ ቅንድቡ ላይ የቀረችውን ነጭ አቧራ አየች፤ ከዚያ ስልኩን ኪሷ ከተተችና ፍራሿን ልታወጣ ከቁምሳጥኑ ኋላ ገባች።